ለመስክ ሥራ የሚሰማራ ፒክአፕ የጭነት አያያዝ

በድንኳን እያደሩ የመስክ ሥራ የሚያከናውኑ የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያጓጉዝ ፒክአፕ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወይም ጭነቱ በአግባቡ ሳይደለደል ሲቀር የሰው ሕይወትንና የመንግሥት ንብረትን ለአደጋ ያጋልጣል።

የባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ የመጫን አቅም በአብዛኛው ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። አኃዙ የካሶኒውን ጭነት ብቻ ሳይሆን ተሳፋሪዎችንና በኋላ የተገጠመ ፖርቶመጋላን ጭምር ያካትታል።

ለአብነት አምስት ሰዎች በአማካይ 70 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ 350 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። ለእያንዳንዳቸው በቀን 5 ሊትር ውኃ ለአራት ቀናት ሲያዝ 100 ኪሎ ግራም፣ 40 ሊትር መጠባበቂያ ናፍጣ ደግሞ 34 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በዚህም ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ስንቅና የሥራ መሣሪያ ሳይጫን የአቅሙ ግማሽ ያህል ይያዛል።

ውኃን የመሳሰሉ ከባድ ዕቃዎች ከካሶኒው ወለል ላይ፣ ወደ ጋቢናው ተጠግተው መታሰር ይኖርባቸዋል። ክብደቱ ወደ ኋላ በር ካዘነበለ የፊት ጎማዎች መሬት የመቆንጠጥ ኃይላቸው ስለሚቀንስ መሪ ይላላል። ፖርቶመጋላ ላይ ከበዛ ደግሞ ተሽከርካሪው በመጠምዘዣ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለትም ከመጠን ያለፈ ጭነት ፍሬንን አግሎ ያደክማል፤ በመሆኑም በከባድ ማርሽ መውረድ ይገባል።

ናፍጣ በሚገባ ተከድኖ ከጋቢናና ከስንቅ ተለይቶ ይጫናል። ድንኳንና የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥን በመጨረሻ ይጫናሉ፤ ክሪክና ስኮርታ ጎማም ጭነት ሳይወርድ የሚወጡ መሆን አለባቸው። የጎማ ነፋስ ለሙሉ ጭነት በአምራቹ በተመለከተው ልክ መሞላቱን፣ የዕቃዎቹም ዝርዝር ከነክብደታቸው መመዝገቡን ከጉዞ በፊት ማረጋገጥ የቡድኑ አስተባባሪና የአሽከርካሪው የጋራ ኃላፊነት ነው።