እሳተ ገሞራ ያነጠፈው ምድር፦ በወልድያ ዙሪያ የሚጎበኙ ቦታዎች

ወልድያ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 520 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚያዘቀዝቅበት ጠርዝ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሚጨስ ተራራ የለም፤ ተራራው ሁሉ ግን የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት በረጃጅም ስንጥቆች ተከፍታ ቅልጥ ዓለት አፈሰሰች፤ ፍሳሹም እየተነባበረ ደጋውን ሠራ። ኋላ ምሥራቁ ሰመጠና ስምጥ ሸለቆ ሆነ። መንገድ በቆረጣቸው ገደሎች ላይ ጥቁሩ ድንጋይ ድርብ ድርብ ሆኖ ይታያል። አልፎ አልፎ በመካከሉ ቀይ መስመር ይኖራል፤ ከአንዱ ፍሳሽ በኋላ የተፈጠረ አፈር ነው፤ ቀጣዩ ፍሳሽ መጥቶ ጠብሶታል።

ከወልድያ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ መርሳ ትገኛለች። ከተራራው እየታጠበ የወረደ አፈር የሞላው ሜዳ በመስኖ ብርቱካን፣ ማንጎና ፓፓያ ያበቅላል፤ መንገደኛ ሳይገዛ አያልፍም። በዚሁ ወረዳ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ዝናብ ለሚያጥረው ቆላ የማሽላ ዝርያዎችን ያወጣል።

ውርጌሳ ታልፎ ውጫሌ ይደረሳል። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና ኢጣልያ የተዋዋሉት እዚያው አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው፤ የውሉ 17ኛ አንቀጽ ያስነሳው ጠብ በዐድዋ ጦርነት ተቋጨ። ከዚያ ወዲያ ሐይቅ አለ፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። በዳርቻው ያለውን የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ የትምህርት ማዕከል አደረጉት።

ከወልድያ በስተምዕራብ ደግሞ በጋሸና በኩል ላሊበላ ይገኛል። ጎብኚው የጠራቢዎቹን ጥበብ ሲያደንቅ ድንጋዩን ይረሳዋል፤ ዳሩ ግን ያ ቀይ፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ዓለት ለመጥረቢያ ባይመች ኖሮ ሥራው ባልተሞከረም ነበር። ከበላዩ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ቆሟል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል።

ሕያው እሳተ ገሞራ ማየት የሚሻ ግን ወደ አፋር መውረድ አለበት። በ1998 ዓ.ም. መስከረም 16፣ ልክ በደመራ ዕለት፣ ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬት ተከፍቶ አመድ ወጣ፤ በዚያ ሰሞን ስንጥቁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ዘለቀ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርታሌ እሳተ ገሞራ በስተደቡብ ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ። ወደዚያ የሚወርድ ሰው ሙቀቱ የሚበርድበትን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ይምረጥ፤ ከመነሳቱም በፊት የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ።