«ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆን

ውድ አንባቢያችን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመው፣ ጣትዎን በስም ዝርዝሩ ላይ ከላይ ወደ ታች እያስኬዱ የራስዎን ስም ፈልገው ያጡበት ቀን ይኖር ይሆን? አንዲት ጎረቤቴ ይህ ደርሶባታል። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ 10ኛ ክፍል ጨርሳለች፤ በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች በቀን ሒሳብ ትኖራለች። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተመዝግባ፣ የጽሑፍ ፈተና ተቀምጣ፣ በጥቂት ነጥብ ቀረች።

ምን እንደገጠማት ስጠይቃት፣ «ፈተናው ከብዶኝ አልነበረም። ሊጥ ሳቦካ፣ የልጄን ትኩሳት ስጠብቅ አንድ ወረቀት ሳልገልጥ ቀኑ ደረሰብኝ» አለችኝ።

የተላላኪነት፣ የጽዳት፣ የጥበቃና የመዝገብ ቤት ሥራ በብዙዎች ዘንድ እንደ ትንሽ ነገር ይቆጠራል። በቀን ሒሳብ ለምታድር እናት ግን ቋሚ ቅጥር ማለት ወር በገባ ቁጥር የሚታወቅ ደመወዝ ማለት ነው። ከደመወዟ 7 በመቶ ሲቀነስ መንግሥት በበኩሉ 11 በመቶ እየጨመረ ለጡረታዋ ይጠራቀምላታል። ልብስ አጣቢዋ ጎረቤቴ እጇ ሲደክም የሚተርፋት ጡረታ የለም። እንግዲህ በዚያ ሰሌዳ ላይ ያጣችው ስሟን ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ሕጉ ለሴቶች ድጋፍ ማድረጉ እውነት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ይህንኑ አስፍሯል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515ም ሴት ተወዳዳሪ እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ስታገኝ ቅድሚያ እንዲሰጣት ደንግጎ ነበር። ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ለመቀራረብ ራሱ ዝግጅት ያስፈልጋል። በጣም ወደ ኋላ የቀረችውን ድጋፉ አይደርስላትም።

ታዲያ ዝግጅቱ ከየት ይጀመር?

በመጀመሪያ ማስታወቂያውን በጥሞና ያንብቡ። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ከተባለና ማስታወቂያው ማክሰኞ ከወጣ፣ ቅዳሜና እሑድ ስለማይቆጠሩ የመጨረሻው ቀን በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ይውላል። መካከል ላይ በዓል ካለ ደግሞ በአንድ ቀን ይገፋል። ይሁን እንጂ የመጨረሻውን ቀን አይጠብቁ።

ቀጥሎ ማስረጃዎችዎን ከሳጥን አውጥተው ጎን ለጎን ያስተያዩ። በትምህርት ማስረጃው ላይ «ፀሐይ»፣ በመታወቂያው ላይ «ጸሃይ» የተባለች እናት ምዝገባው ላይ ብትመለስ የሚያስገርም አይሆንም። የአባትና የአያት ስምም እንዲሁ ይታይ። ስሕተት ካለ ማስታወቂያ ሳይወጣ ማስተካከል ይሻላል።

ሦስተኛው ጉዳይ የሥራው ዕውቀት ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስሞችን በፊደል ተራ መደርደር አለባት። በዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «ሐና» እና «ለማ» ቢሰጡዎት ማንን ያስቀድማሉ? በፊደል ገበታው ተራ «ለ» ከ«ሐ» ይቀድማልና ለማ ፊተኛ ነው። «አበበ» ከ«ወርቁ» ሲቀድም፣ በዐይኑ «ዓ» የሚጻፈው «ዓለሙ» ግን ከወርቁ በኋላ ይመጣል። በድምፅ አንድ የሆኑት ፊደላት በገበታው ላይ ቦታቸው የተለያየ ስለሆነ፣ ገበታውን ከልጆችዎ ጋር ደጋግመው ይቁጠሩ።

የደብዳቤ አጻጻፍንም ያጥኑ፤ ቁጥርና ቀን፣ ተቀባዩ፣ ጉዳዩ፣ ሐተታው፣ ፊርማው፣ በመጨረሻም ግልባጭ የሚደረግለት ክፍል። ገቢ ደብዳቤ ከወጪ ደብዳቤ በምን እንደሚለይ በራስዎ አባባል ይግለጹ። የዘመን ልዩነቱንም አይርሱ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 20 ግድም የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በ7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ በ8 ዓመት ያንሳል።

ሒሳቡም ቢሆን ከቤት አስተዳደር የራቀ አይደለም። አንድ እሽግ ወረቀት 500 ሉህ ቢይዝ፣ መሥሪያ ቤቱ 8 እሽግ ቢኖረውና በቀን 125 ሉህ ቢፈጅ ለስንት ቀን ይበቃዋል? 8 ጊዜ 500፣ 4,000 ይሆናል፤ ለ125 ሲካፈል 32 ቀን። የወር አስቤዛ የምታብቃቃ እናት ይህንን በየቀኑ ትሠራዋለች፤ የሚቀራት በወረቀት ላይ ማስፈር ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው በቀን አንድ ሰዓት ነው። ያንን አንድ ሰዓት ከየት ታምጣ? መልሱ ያለው በእናቲቱ ዘንድ ብቻ አይደለም። አባት ሆይ፣ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ልጆቹን እርስዎ ቢያስተኙ፣ እንጀራ ባይኖር ዳቦ ቢገዛ ቤቱ አይፈርስም። ከፍ ያለች ልጅም እናቷን ጥያቄ እየጠየቀች ብታለማምዳት ለራሷም ትማርበታለች።

በዋዜማው እርሳስ፣ እስክሪብቶና መታወቂያ በአንድ ቦርሳ ይቀመጡ። በማግሥቱ ታክሲ ቢጠፋ እንኳ እንዳይዘገዩ ከቤት ቀደም ብለው ይውጡ። ፈተናው ሲሰጥዎ የሚያውቁትን አስቀድመው ይሥሩ፤ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ይዞዎት ደብዳቤው ሳይጻፍ እንዳይቀር።

ጎረቤቴ እንደገና ተመዝግባለች። በዚህ ሳምንት ምሽት ላይ በራቸውን ባንኳኳ፣ ባለቤቷ ታናሹን ልጅ አቅፎ ወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትንሽ ይቆዩ፣ እያጠናች ነው» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በእርስዎስ ቤት፣ ውድ አንባቢያችን፣ ይህንን የሚል ሰው አለ?