ወደ ሽቦ ሳይወጡ መፈተን

ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ራሱ ይዘጋል፤ ከርነል ውስጥ ያለ ኮድ ሲሳሳት ግን ኮምፒውተሩን ይዞ ሊወድቅ ይችላል። የኔትወርክ ኮድ ሌላም ጣጣ አለበት፦ የሚሠራው ፓኬት ሲደርሰው ነው፤ ፓኬት ደግሞ ፈታኙ በፈለገው ሰዓትና ቅርጽ አይመጣም።

ሊኑክስ ላይ ብዙ መንገድ ተሞክሯል። ድሮ ሁለት ኮምፒውተር በኬብል ማገናኘት ግድ ነበር፤ ኋላ በአንድ ማሽን ውስጥ ኔትወርኮችን ለያይቶ አጥሮ በምናባዊ ኬብል ማያያዝ ተቻለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ያደረገው ፓኬትድሪል የቲሲፒን ጠባይ በስክሪፕት ይፈትናል፤ ይህ ፓኬት ሲገባ ያኛው በዚህ ቅጽበት ይውጣ ይላል። ኔትዴቭሲም የሌለ የኔትወርክ ካርድ ያስመስላል። ኬዩኒት ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ትንንሽ ፈንክሽኖችን ለየብቻ ይፈትሻል።

እኔን ይበልጥ የሚያስተምረኝ የኢቢፒኤፍ ታሪክ ነው። ኢቢፒኤፍ ተጠቃሚው የጻፈውን ፕሮግራም ከርነሉ ውስጥ ያስኬዳል፤ በ2016 የመጣው ኤክስዲፒ ያንን ፕሮግራም እስከ ካርዱ ድራይቨር ደጃፍ አቀረበው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፓኬት አይቶ ይፈርዳል፦ ይጣል፣ ይለፍ፣ በመጣበት ይመለስ ወይም ወደ ሌላ ይዙር። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ለመፈተን በ2017 ሊኑክስ 4.12 ላይ የተጨመረው ትዕዛዝ ሐሳቡ ቀላል ነው። ፈታኙ የፓኬቱን ባይቶች ይሰጣል፤ ከርነሉ ፕሮግራሙን አስኪዶ ፍርዱን፣ የተለወጠውን ፓኬትና የፈጀውን ጊዜ በናኖሰከንድ ይመልስለታል። ሽቦ ላይ የሚወጣ ነገር የለም።

ዝርዝሩ ግን ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ከርነሉ ውጤቱን ሲገለብጥ ተጠቃሚው ያዘጋጀው ቦታ ስንት እንደሚይዝ አይጠይቅም ነበር። ፕሮግራሙ ፓኬቱ ላይ ሄደር ከጨመረ ትርፉ ሌላ ሚሞሪ ላይ ይጻፍ ነበር። ማስተካከያው ሲመጣ መጠኑን የገለጸ እንዲከበርለት፣ ዜሮ ያለ ግን እንደ ድሮው እንዲስተናገድ ተደረገ፤ ቀድሞ የተጻፉ ፕሮግራሞች እንዳይሰናከሉ። ለሙከራ ብቻ የተከፈተ በር እንኳ ባለቤቱን እንዲህ ያስራል። የድግግሞሹም ነገር አለ። ጊዜን በትክክል ለመለካት ፕሮግራሙን በአንድ ፓኬት ላይ ሺህ ጊዜ ማስኬድ ይቻላል፤ ነገር ግን የተለወጠው ፓኬት በየዙሩ ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም። ሄደር የሚጨምር ፕሮግራም ቦታ እስኪያልቅበት ይጨምራል፤ ይህን ያላወቀ ሰው የሚለካው ሌላ ሥራ ነው።

ባይት ብቻውን አለመብቃቱም ቆይቶ ታየ። እውነተኛ ፓኬት በየትኛው ካርድ እንደገባ ይታወቃልና፣ ይህን መሰል መረጃ ፈታኙ እንዲሰጥ ተፈቀደለት። «ወደ ሌላ ይዙር» የሚለው ፍርድ ግን ቃል ሆኖ ብቻ ይመለስ ነበር። በ2022 ሊኑክስ 5.18 ፓኬቱን በእርግጥ የሚልክ አሠራር አመጣ። መፈተሻው ትራፊክ ማመንጫም ሆነ ማለት ነው፤ እኔ ከድርሻው አለፈ አልልም፣ ማዞርን ሳያዞሩ መፈተን አይቻልምና። በዚህኛው አሠራር ፍርዱም የተለወጠው ፓኬትም ለጠያቂው አይመለሱለትም፤ ውጤቱን ማየት የፈለገ በምናባዊው ኬብል ሌላኛው ጫፍ ጠብቆ ፓኬቱን መያዝ አለበት።