ከዱሮ መኪናዎች የፕላስቲክ ክፍሎች ላይ አሮጌ ቀለምን ስለ ማስለቀቅ

አንዲት መኪና ዕድሜዋ በረዘመ ቍጥር የቀለሟም ታሪክ እየበዛ ይሄዳል። አንዱ ባለቤት በመሰለው ቀለም ያስቀባታል፤ የሚቀጥለው ደግሞ በዚያው ላይ ሌላ ያስደርባል። ቀለም ቀቢው ላሜራ ያልሆነውን ክፍል ሁሉ አስቀድሞ በጋዜጣና በፕላስተር ካልሸፈነ፥ ከመርጫው የሚወጣው ቀለም በፊት ለፊቱ ፍርግርግ፥ በኋላ መብራቱ ሽፋን፥ በመስተዋቱ ክፈፍና በክሩስኮቱ ጠርዝ ላይ ያርፋል። በአዲስ አበባ በታክሲነት ብዙ ዘመን ያገለገሉትን ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፥ ጥቁር ሊሆን የሚገባው ፕላስቲክ በሰማያዊ ቀለም ተሸፍኖ ቢያገኘው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን የመሰለውን አሮጌ ቀለም ፕላስቲኩን ሳይጎዱ ማንሣት የሚቻልበትን መንገድ ከነምክንያቱ ለመግለጽ እንሞክራለን። ነገሩ ለመልክ ብቻ የሚደረግ አይደለም። የዱሮ መኪና ፕላስቲክ አንድ ጊዜ ከተበላሸ ምትኩን ማግኘት ይቸግራል። ለምሳሌ በአገራችን «ቮልስ» የምንላት ትንሽ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ፥ በ2003 በሜክሲኮ አገር በፑኤብላ ከተማ የመጨረሻዪቱ ወጥታ ሥራዋ አብቅቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ስለዚህ በአንድ ደቂቃ ችኰላ የተበላሸ ክፍል፥ ምናልባት በሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና ላይ ካልተገኘ በቀር፥ በቀላሉ አይተካም።

ሀ) ብረትና ፕላስቲክ የሚለያዩበት ምክንያት

በላሜራ ላይ ያለውን ቀለም በኃይለኛ ማስለቀቂያ መጥረግ ቀላል ሥራ ነው፤ ቀለሙን የሚያላቅቀው ፈሳሽ ብረቱን አያሟሟውምና። በፕላስቲክ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የደረቀ ቀለም፥ መልክ የሚሰጠው ዱቄት ሲቀር፥ እጅግ ብዙ አተሞች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሠሩት ፖሊመር ነው። ፕላስቲክም ራሱ ፖሊመር ነው። እንግዲህ ቀለሙና የተቀባው ዕቃ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱን የሚበላ ፈሳሽ ሌላውንም ሊበላ ይችላል። የችግሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው።

ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል የሚለውን የኬሚስትሪ ደንብ ሁላችንም እናውቀዋለን። አሜሪካዊው ሊቅ ጆኤል ሂልደብራንድ ይህን ደንብ በቍጥር ለመግለጽ መሠረት ጣሉ። በ1967 ደግሞ ቻርልስ ሃንሰን በኮፐንሃገን ባቀረቡት ጥናት ያንን አንድ ቍጥር በሦስት ከፈሉት፤ ይኸውም በሞለኪውሎች መካከል ያሉት የስበት ዓይነቶች ሦስት ናቸው በማለት ነው። የሁለት ነገሮች ሦስቱም ቍጥሮች ከተቀራረቡ አንዱ በሌላው ይሟሟል፤ ከተራራቁ ግን አይሟሟም። በዚህም መሠረት የእኛ ተግባር ለቀለሙ የቀረበ፥ ለፕላስቲኩ ግን የራቀ ፈሳሽ መፈለግ ይሆናል። ለዚህም አስቀድሞ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለ) ፕላስቲኩን ማወቅ

በዱሮ መኪናዎች ላይ በብዛት የሚገኙት ፕላስቲኮች ጥቂት ናቸው። የፊት ፍርግርግና ጠንካራ ሽፋን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በ1950ዎቹ ገበያ ላይ ከዋለው ኤ.ቢ.ኤስ. ከተባለው ፕላስቲክ ነው። የኋላ መብራት ሽፋን ብዙ ጊዜ አክሪሊክ ነው። ለስላሳው የክሩስኮትና የበር ልባስ ፒ.ቪ.ሲ. ነው። ከዚያ በኋላ በተሠሩት መኪናዎች ላይ ደግሞ ፖሊፕሮፒሊን እየበዛ ሄዷል፤ የዚህን ፕላስቲክ አሠራር ያስገኙት ካርል ዚግለርና ጁልዮ ናታ በ1963 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ቀረብ ያለ ዘመን የተሠራ ዕቃ ከሆነ በጀርባው ላይ የፕላስቲኩ ስም በምልክት ተጽፎ ይገኛል። ምልክት ከሌለው ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። አንደኛው የውኃ ፈተና ነው። ከዕቃው ጀርባ፥ ከማይታይ ቦታ፥ ቀለም የሌለበት ቅንጣት በቢላዋ ተፍቆ በውኃ ውስጥ ይጨመራል። ፖሊፕሮፒሊን እፍግታው ከውኃ ስለሚያንስ (በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.9 ግራም ገደማ ነው) ይንሳፈፋል፤ ኤ.ቢ.ኤስ. (1.05 ገደማ)፥ አክሪሊክ (1.18 ገደማ) እና ፒ.ቪ.ሲ. ግን ይሰጥማሉ። ሆኖም የታልክ ዱቄት የተደባለቀበት ፖሊፕሮፒሊን ሊሰጥም ስለሚችል በዚህ ፈተና ብቻ መፍረድ አይገባም። ሁለተኛው ፈተና በዚያችው ቅንጣት ላይ አንድ ጠብታ አሴቶን ማንጠብ ነው። ኤ.ቢ.ኤስ. ወዲያው ይለሰልስና በጣት ላይ ይጣበቃል፤ ፖሊፕሮፒሊን ምንም አይሆንም።

ሐ) ቀለሙን ማወቅ

የመኪና ቀለም እንደ አደራረቁ በሦስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው በ1920ዎቹ በመኪና ፋብሪካዎች የተስፋፋው የናይትሮ ቀለም ነው። ይህ የሚደርቀው ቲነሩ ስለሚተን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቲነር ሲያገኝ ተመልሶ ይሟሟል። ሁለተኛው በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ የሚደርቀው የዘይት ኤናሜል ነው። ሦስተኛው ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚረጨው ባለሁለት ቅመም ቀለም ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው እንደ መረብ ስለሚያያዙ ፈሳሽ አያሟሟቸውም፤ ቢበዛ ገብቶ ያሳብጣቸዋል፤ ያበጠው ቀለም ተጨማዶ ከሥሩ ይለቃል። ማስለቀቂያዎች በእነዚህ ላይ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

ዓይነቱን ለመለየት በቲነር የረጠበ ነጭ ጨርቅ በላሜራው ስውር ቦታ ላይ ማሸት ይበቃል። ቀለሙ ወዲያው ወደ ጨርቁ ከመጣ ናይትሮ ነው፤ ከለሰለሰ ወይም ከተጨማደደ ኤናሜል መሆኑ ይገመታል፤ ምንም ካልሆነ ባለሁለት ቅመም ሳይሆን አይቀርም። ይህ ፈተና በፕላስቲኩ ላይ ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ቲነር ኤ.ቢ.ኤስ.ንና አክሪሊክን ያበላሻልና።

መ) የሥራው ቅደም ተከተል

ዋናው ደንብ ከደካማው ጀምሮ ወደ ብርቱው መውጣት ነው። በየደረጃውም የሚሠራበት ነገር አስቀድሞ በዕቃው ጀርባ ላይ መሞከርና እስከ ማግሥቱ መቈየት ያስፈልጋል፤ የመቈየቱን ምክንያት ወደ ታች እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ዕቃው ከመኪናዪቱ ላይ ተፈትቶ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠብ። በፖሊፕሮፒሊን ላይ ብዙ ጊዜ ሥራው እዚሁ ያልቃል፤ ቀለም ከዚህ ፕላስቲክ ጋር በደንብ ስለማይጣበቅ በጥፍር ወይም በተሳለ ቀርከሃ ይላጣል። ውኃው ግን የፈላ አይሁን። አዲስ አበባ ከፍታዋ ወደ 2,350 ሜትር ስለሆነ ውኃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ኤ.ቢ.ኤስ. የሚለሰልሰው በ105 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም፥ ቀጭን ክፍል ከዚያ በታች ባለው ሙቀትም ሊጣመም ይችላል። ብዙ መቶ ዲግሪ የሚደርሰውን የቀለም መላጫ ትኩስ አየር በፕላስቲክ ላይ ማዋል ከጥቅሙ ጥፋቱ ይበልጣል።

በሁለተኛ ደረጃ አይሶፕሮፒል አልኮል ይሞከር። ጨርቅ ነክሮ ጥቂት ደቂቃ በቀለሙ ላይ ማሳረፍና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማሸት ነው። ለኤ.ቢ.ኤስ. ለአጭር ጊዜ ከሆነ አያሠጋም፤ ደካማና ስስ ቀለም ላይም ይሠራል። በአክሪሊክ መብራት ላይ ግን አይደረግ፤ አልኮል አክሪሊክን በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞላዋል። ለመብራቱ ሽፋን የሚበጀው ሳሙናና ቀርከሃ፥ በመጨረሻም የማለስለሻ ቅባት ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ኤናሜል በሆነ ቀለም ላይ ኮስቲክ ሶዳ አለ። ይህ የሚሠራው በማሟሟት ሳይሆን፥ ሳሙና ሲሠራ ዘይቱን እንደሚለውጠው ሁሉ የኤናሜሉን የኤስተር ማሰሪያ በመፍታት ነው። ኤ.ቢ.ኤስ.ና ፖሊፕሮፒሊን ይህን አይነት ማሰሪያ በሰንሰለታቸው ውስጥ ስለሌላቸው ይቋቋሙታል። እንግዲህ ቀለምና ፕላስቲክ ከዘመድነታቸው የሚለዩበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ 50 ግራም ያህል ይበቃል። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመር እንጂ ውኃው ወደ ሶዳው አይጨመር። ሶዳ ፖሊካርቦኔትንና አሉሚኒየምን ስለሚበላ ማናቸውም የአሉሚኒየም ጌጥ አስቀድሞ ይነቀል።

አንዳንድ ሰዎች የፍሬን ዘይትን ያመሰግናሉ። እውነት ነው፥ በውስጡ ያለው የግላይኮል ኤተር ብዙ ቀለም ቀስ ብሎ ያለሰልሳል። ነገር ግን ፖሊካርቦኔትን፥ ውጥረት ያለበትንም ኤ.ቢ.ኤስ. ሊሰነጥቅ ስለሚችል ዕቃን በእርሱ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደርን አንመክርም።

ባለሁለት ቅመም ቀለም ሲሆን የሚቀረው መፈግፈግ ነው። ልሙጥ ዕቃ በ600 ቍጥር ጀምሮ እየለሰለሰ በሚሄድ የብርጭቆ ወረቀት፥ በውኃ እየረጠበ ሊፈገፈግ ይችላል። የቆዳ መሳይ ንድፍ ያለበት ዕቃ ግን አይፈግፈግ፤ ቀለሙ ከጕድጓዶቹ ሳይወጣ ንድፉ ይጠፋል፤ የጠፋውም ንድፍ አይመለስም። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀለሙን ትቶ በላዩ በትክክለኛው ጥቁር መቀባት ይሻላል።

ሠ) በኋላ ስለሚታይ ጉዳት

ሠራተኛውን ብዙ ጊዜ የሚያታልለው ነገር ጉዳቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ፕላስቲክ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲፈስና ሲቀዘቅዝ፥ በውስጡ ውጥረት ተቈልፎ ይቀራል። አሟሚ ፈሳሽ በሰንሰለቶቹ መካከል ሲገባ መያያዛቸውን ያላላል፤ ያ የቈየ ውጥረትም ዕቃውን ከውስጥ ይስበውና ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ከሰዓታት በኋላ፥ ወይም ዕቃው በብሎን ተጠብቆ ሲታሰር ሊገለጽ ይችላል። ሙከራው እስከ ማግሥቱ ይቈይ ያልነውም ስለዚህ ነው። ፒ.ቪ.ሲ. ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው፤ ቤንዚንና ቲነር ያለሰለሰውን ቅመም አጥበው ስለሚወስዱበት፥ ዕለቱን ደኅና መስሎ ውሎ በኋላ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃልም።

ረ) ስለ ሠራተኛው ጤና

ፕላስቲክ ይተካል ወይም አይተካም፤ የሰው ሳንባ ግን አይተካም። በአሮጌ ኤናሜል ውስጥ፥ በተለይ በቢጫና በቀይ፥ የእርሳስ ቅመም ሊኖር ስለሚችል ደረቅ ፍግፈጋ አይገባም። ዲክሎሮሜታን የተባለው ኃይለኛ ማስለቀቂያ ፕላስቲኩን ከማሟሟቱ በላይ፥ በሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ በዝግ ክፍል ውስጥ ሠራተኞችን ገድሏል። የአሜሪካ መንግሥት በ2019 ለተራ ገዢ በቀለም ማስለቀቂያነት እንዳይሸጥ ከልክሎታል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከዚያ ቀደም ብሎ ገድቦታል። በአንዳንድ ጋራዥ ልጆች እጃቸውን በቤንዚን ወይም በቲነር ሲታጠቡ ይታያል፤ ቅመሙ በቆዳ ስለሚገባ ሳሙናና ዘይት ቢተኩት ይሻላል። ጓንት፥ የዓይን መከላከያና ነፋሻ ቦታ ለዚህ ሥራ ከብሩሹ በፊት ሊዘጋጁ የሚገባቸው ናቸው። የወጣውም ቀለም በጨርቅ ተሰብስቦ ይያዝ እንጂ ወደ ቦይ አይደፋ።

ከላይ እንዳየነው ቀለምን ከፕላስቲክ ላይ ማንሣት የጕልበት ሥራ ሳይሆን የመለየት ሥራ ነው። አንድ ፈሳሽ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባለው በራሱ አይደለም፤ አሴቶን ለፖሊፕሮፒሊን የማይጎዳ ሲሆን ለኤ.ቢ.ኤስ. ጥፋት ነው፤ ሶዳም ለኤ.ቢ.ኤስ. ረዳት ሲሆን ለፖሊካርቦኔት ጠላት ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ ከሶማሌ ተራ የተሰባበሩ የፕላስቲክ ቍርጥራጮችን በጥቂት ገንዘብ ገዝተን እነዚህን ፈተናዎች በቤተ ሙከራችን ብናደርጋቸው፥ ውጤቱንም በአማርኛ ጽፈን ለየጋራዡ ብናድል፥ የተማርነው ትምህርት ከደብተር አልፎ ወደ ሠራተኛው እጅ ይደርሳል ብለን እናምናለን።