ያውቁ ኖሯል? ከፓይተን ጀርባ ያለው አባዢ

በፓይተን ማትሪክስ ሲያባዙ፣ ማባዛቱን የሚሠራልዎ ፓይተን አይደለም። ናምፓይ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ሥራውን ተቀብሎ ብላስ ለተባለ አንጋፋ የስሌት ላይብረሪ ያስተላልፈዋል፤ የብላስ የመጀመሪያ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ነው፣ ያውም ለፎርትራን።

1000 በ1000 የሆኑ ሁለት ማትሪክሶችን ማባዛት 1 ቢሊዮን ማባዛትና ያንኑ የሚያህል መደመር ይጠይቃል። ፕሮሰሰሩን የሚያዘገየው ግን ስሌቱ ሳይሆን ቁጥሮቹ ከሜሞሪ እስኪመጡ መጠበቁ ነው። ለእያንዳንዷ ሽንኩርት ገበያ የሚመላለስ ሰው ወጡ መቼ ይደርስለታል? በአገሩ የፓተንት መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ የነበረው ጃፓናዊው ካዙሺጌ ጎቶ መላ አበጀለት፤ ማትሪክሱን በፕሮሰሰሩ ካሽ (በውስጡ ባለው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ) ልክ እየቆራረጠ፣ አንዴ የገባ ቁጥር ደጋግሞ ሳያገለግል እንዳይወጣ አደረገ። ወሳኙን ክፍል ለኮምፓይለር አልተወውም፤ በአሴምብሊ በእጁ ጻፈው።

የእሱን ኮድ መነሻ አድርገው ቻይና ውስጥ ያሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ኦፕንብላስን ጀመሩ። ዛሬ በፒፕ ናምፓይን ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ላይ ሲጭኑ አብሮ የሚወርደው ይኸው ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር የትኛውን ብላስ እንደያዘ ለማየት፣ ሾው ኮንፊግ የተባለውን የናምፓይ ትእዛዝ ይሞክሩት።