ፓምፑን የሚመርጠው ጉድጓዱ ነው
(ስለ ውኃ ፓምፕ አመራረጥና አተካከል፣ ከአውበሬ ወረዳ የተግባር ልምምድ)

ባለፈው የካቲት ለተግባር ልምምድ አውበሬ ወረዳ ወጥቼ ሳለ በአንዲት ቀበሌ የተቃጠለ ፓምፕ ከጥልቅ ጉድጓድ ሲወጣ አየሁ። ቧንቧው አንድ በአንድ እየተፈታ ሲወጣ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ፈጀ። እናቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ፤ ግመሎቹም ገንዳው ደረቅ መሆኑን እያዩ አልሄድ ብለዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ የተቃጠለ ሁለተኛው ሞተር መሆኑን የነገሩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቀጥለውም «ልጄ፣ እናንተ ተምራችኋል። ሞተሩ ስለሚያንስ ነው የሚቃጠለው፤ ትልቁን አምጡልን» አሉኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም፤ እውነቱን ለመናገር ያኔ መልሱን አላውቀውም ነበር። ነገሩ በተቃራኒው መሆኑ የገባኝ ማታ የጉድጓዱን መዝገብ ሳገላብጥ ነው። ሞተሩ የተቃጠለው ፓምፑ ለጉድጓዱ ትልቅ ስለሆነበት ነው።

አካባቢውን ለማታውቁ ጥቂት ልበል። ቀድሞ ተፈሪ በር ትባል የነበረችው አውበሬ ከጅጅጋ ወደ ሶማሊላንድ ድንበር በሚወስደው አቅጣጫ ትገኛለች። ዝናቡ በሁለት ወቅት ይመጣል፤ የበልጉን ዲራእ፣ የክረምቱን ካረን ይሉታል። ከጥር እስከ መጋቢት ያለው ደረቅ ጊዜ ጅላል ነው። ለዚያ ጊዜ የሚሆን ውኃ የሚጠራቀመው በቢርካ፣ ማለትም መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ በተለሰነ ገንዳ ነው። ጅላሉ ሲረዝም ግን ቢርካው ይደርቅና የሰውም የከብትም ዓይን ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአውበሬ፣ በ2008 ደግሞ የሸደር የስደተኞች መጠለያ ሲከፈት የውኃ ተጠቃሚው ቁጥር በአንድ ጊዜ ጨመረ። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ሞተር ተቃጠለ ማለት ውኃ በቦቴ ይመጣል ማለት ነው፣ ያውም ከመጣ።

እንግዲህ ወደ ፓምፑ እንምጣ። ስለ ፓምፕ መጀመሪያ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ በሰከንድ ስንት ሊትር፣ ወደ ላይስ ስንት ሜትር? የፈረስ ጉልበቱ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ሁለቱ ለየቅል መሆናቸውን ለማየት ከእኛ ሥራ ራቅ ያለ ምሳሌ ልውሰድ። በመስታወት ገንዳ ውስጥ የባሕር ኮራል የሚያረቡ ሰዎች አሉ። ኮራል ካለበት ስለማይንቀሳቀስ ምግቡንም ኦክስጅኑንም የሚያመጣለት የውኃው እንቅስቃሴ ነው፤ ለዚህም ገንዳው ውስጥ ማራገቢያ የመሰለ ትንሽ ፓምፕ ይገጥማሉ። ይህ ፓምፕ በጥቂት ዋት ብቻ በሰዓት ብዙ ሺህ ሊትር ያንቀሳቅሳል። ሊትሩን ብቻ ያየ ሰው ለአውበሬ ይሁን ሊል ይችላል። ነገር ግን ያው ውኃ እዚያው ይሽከረከራል እንጂ ከፍ አይልም፤ ቱቦ ገጥመህ አንድ ፎቅ አውጣልኝ ብትለው ጠብ አይልም። የእኛ ችግር የዚህ ግልባጭ ነው። የምንፈልገው ጥቂት ሊትር ነው፤ የሚነሳው ግን ከመቶ ሜትር በላይ ነው።

ቢርካ ላይ የሚሠራው ትንሹ የቤንዚን ፓምፕ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። አንዳንዱ ሰው ፓምፑ ውኃን «ይስባል» ብሎ ያምናል። እንዲያውም ውኃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። ባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት 10.3 ሜትር ያህል ውኃ ይሸከማል። ጅጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነች እዚህ የሚሸከመው 8.5 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ላይ የቧንቧው ፍትጊያና ፓምፑ ራሱ የሚፈልገው ግፊት ሲቀነስ በተግባር 6 ሜትር ብትቆጥሩ ይበቃል። ስለዚህ የውኃው ደረጃ ከ6 ሜትር በታች ሲወርድ ፓምፑ ቢጮህም ውኃ አይሰጥም። ሞተሩን ማሳደግ ምንም አይፈይድም፤ መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውኃው ዝቅ ማድረግ ነው። እንደ አፍሪዴቭ ያለው የእጅ ፓምፕ እስከ 45 ሜትር የሚያወጣው ሲሊንደሩ ታች ውኃው ውስጥ ስላለ ነው። ከዚያ ጥልቀት በኋላ ሰብመርሲብል ይመጣል፤ ሞተሩም ፓምፑም አብረው ውኃ ውስጥ ይገባሉ።

አሁን ወደዚያች ቀበሌ ጉድጓድ እንመለስ። መዝገቡ እንዲህ ይላል። ጥልቀቱ 180 ሜትር፤ ውኃው ሳይነካ የሚቆምበት ደረጃ 88 ሜትር፤ በሰከንድ 3 ሊትር ለ24 ሰዓት ሲሳብ ደረጃው ወርዶ የረጋው 119 ሜትር ላይ። ማለትም 3 ሊትር ሲሳብ ውኃው 31 ሜትር ይወርዳል። ተገጥሞ የነበረው ፓምፕ ደግሞ በሰከንድ 5 ሊትር የሚያወጣ ሲሆን የተቀመጠው 142 ሜትር ላይ ነው። በቀላል ስሌት 5 ሊትር ሲሳብ ውኃው 52 ሜትር ያህል ይወርድና 140 ሜትር ይደርሳል፤ በተግባር ደግሞ ውኃ አሳሳቡ ሲጨምር አወራረዱ ከስሌቱም ይብሳል። ፓምፑ አፉ ድረስ ደረቀበት ማለት ነው። የሰብመርሲብል ሞተር የሚቀዘቅዘው በጎኑ በሚያልፈው ውኃ ስለሆነ ውኃው ሲቋረጥ ይግላል፣ ከዚያም ይቃጠላል። የመጀመሪያው ሞተር ሲቃጠል «አነሰ» ተብሎ ተለቀ፤ ሁለተኛውም ለዚህ ነው የተቃጠለው።

ትክክለኛው ምርጫ ምን ይመስላል? ጉድጓዱን ላለማስጨነቅ በሰከንድ 2.5 ሊትር እንውሰድ። ያኔ የውኃው ደረጃ 114 ሜትር ገደማ ይሆናል። ማጠራቀሚያው ታንከር ከጉድጓዱ አፍ 18 ሜትር ከፍ ይላል። የቧንቧ ፍትጊያ 8 ሜትር ብንይዝ ድምሩ 140 ሜትር ነው። 2.5 ሊትርን በሰከንድ 140 ሜትር ለማንሳት ውኃው ራሱ የሚፈልገው ኃይል 3.4 ኪሎዋት ነው። ፓምፑ ከሚሰጠው ኃይል 60 በመቶውን ብቻ ውኃው ላይ ያውለዋል ብንል 5.7 ኪሎዋት ይሆናልና ገበያ ላይ ካለው 7.5 ኪሎዋቱን ሞተር እንወስዳለን። በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 90,000 ሊትር ያወጣል። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ቢታሰብ ለ6,000 ሰው ይበቃል። ግመሉና ላሙ ግን እዚህ ሒሳብ ውስጥ የሉም፤ አውበሬ ላይ ከብቱን ሳይቆጥር የሚያቅድ ሰው ቦኖው ላይ ጠብ ሲነሳ ይማራል።

ስለ ፍትጊያ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚንቀው ነውና። 3 ሊትር በሰከንድ በ50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ቢሄድ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር ያህል ግፊት ይባክናል፤ ቧንቧው 75 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ብክነቱ ከ1 ሜትር በታች ይወርዳል። ስፋት በግማሽ ሲጨምር ብክነቱ ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል ይቀንሳል። የቀብሪበያህ ከተማና እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ እዚያ የሰፈሩት ስደተኞች የሚጠጡት ውኃ ከጀረር ሸለቆ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ ነው። በእንዲህ ያለ ርቀት በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ቢባክን እንኳ 200 ሜትር ይሆናል። በቧንቧ ላይ የተቆጠበ ብር በየቀኑ በናፍጣ ይከፈላል።

አተካከሉ ላይ ደግሞ ጥፋት የሚበዛው በጥቃቅኑ ነገር ነው። ጄኔሬተሩ ለሞተሩ እኩል ሆኖ ከተገዛ አይነሳም፤ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። ጄኔሬተሩ ራሱም በ1,600 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጉልበት ያጣል። ለ7.5 ኪሎዋት ሞተር 20 ኬቪኤ ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም። ፓምፑ ከውኃው ደረጃ በታች በቂ መጠባበቂያ ይኑረው፤ ሆኖም ወንፊቱ ካለበት ትይዩ አታስቀምጡት፣ አሸዋ ይስባል። ከፓምፑ በላይ ውኃ የማይመልስ ቫልቭ ይግባ። የኬብሉ መጋጠሚያ ተቸኩሎ በተራ ፕላስተር ከተጠቀለለ ውኃ ይገባዋል፤ ያን መጋጠሚያ ለማየት ደግሞ ሙሉውን ቧንቧ እንደገና መፍታት ነው። ውኃው ሲወርድ ሞተሩን የሚያጠፋ የደረጃ መቆጣጠሪያ ኤሌክትሮድ ይግባ። በዚያች ቀበሌ ኤሌክትሮዱ ነበረ፤ «ሞተሩን እያጠፋ አስቸገረን» ተብሎ ሽቦው ተቆርጧል።

ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። ሦስት ፌዝ ሞተር ወደ ኋላ ቢዞርም ውኃ ያወጣል፣ ግን ትንሽ። ውኃ መጣ ብሎ ደስ ብሎት የሚሄድ ገጣሚ ፓምፑን በቁሙ ገድሎት ይሄዳል። ሲያነሱ ውኃው ካነሰ ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን አቀያይሮ እንደገና መለካት ነው።

ስለ ሶላርም ይጠየቃል። ፀሐይማ ሞልቷል። ግን ፀሐይ በደንብ የምትሠራው በቀን 6 ሰዓት ገደማ ነው። 3 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በጄኔሬተር 16 ሰዓት ቢሳብ 172,800 ሊትር ይወጣል፤ በሶላር ብቻ 6 ሰዓት ቢሳብ ግን 64,800 ሊትር ነው። ያን ለማካካስ ትልቅ ፓምፕ እንግጠም ማለት ወደ ቅድሙ ስህተት መመለስ ነው። ስለዚህ እንዲህ ላለው ጉድጓድ ቀን ሶላር፣ ማታ ጄኔሬተር ብሎ ማቀናጀቱ ይሻላል፤ ናፍጣውም ይቀንሳል።

ያች ቀበሌ በመጨረሻ 2.5 ሊትሩን ፓምፕ አገኘች። በተገጠመበት ቀን ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው ከቧንቧው የሚወርደውን አይተው «ይሄማ ከድሮው ይቀጥናል» አሉኝ። አዎ፣ ይቀጥናል አልኳቸው። ከአራት ሰዓት በኋላ መለኪያውን ወደ ጉድጓዱ ስንሰድ ውኃው 113 ሜትር ላይ ቆሟል። አብረውኝ ቁጥሩን አዩና የግመሎቹን ተራ ለማስያዝ ወደ ገንዳው ሄዱ።