የእርዳታ እህልን ያለአግባብ መጠቀም የሙስና ወንጀል ስለመሆኑ

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በሰሃላ ሰየምት ወረዳ፣ ድርቅ በሚከሰትበት ጊዜ የእርዳታ እህል ለብዙ ቤተሰቦች የዕለት ጉርስ ነው። እህሉ በአግባቡ ካልተሰራጨ ጉዳቱ የሚያርፈው በተረጂው ላይ ነው።

በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ዩኤስኤይድ እና የዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታው ለሌላ ዓላማ እየዋለ መሆኑን ገልጸው በመላ ኢትዮጵያ የምግብ ስርጭት አቋርጠዋል። ስርጭቱ እስኪቀጥል ወራት የወሰደ ሲሆን፣ በጥፋቱ እጃቸው የሌለበት ተረጂዎችም ያለ ምግብ እርዳታ ቆይተዋል።

በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 መሠረት ጉቦ መቀበል፣ በሥልጣን አላግባብ መገልገል እና በሥራ ምክንያት የተረከቡትን ንብረት መውሰድ ወይም መሰወር ያስቀጣል። በእርዳታ ስርጭት ላይ ጥቆማ ሊቀርብባቸው የሚገቡ ተግባራት የሚከተሉት ናቸው፦

• ለምዝገባ ወይም ለራሽን ገንዘብ መጠየቅ፤
• በአካባቢው የሌለን ወይም የሞተን ሰው በተረጂነት ማስመዝገብ፤
• ከተፈቀደው መጠን ቀንሶ መስጠት፤
• ከመጋዘን እህል አውጥቶ መሸጥ።

ጥቆማ ለፖሊስ ወይም ለአማራ ክልል ሥነ ምግባርና ጸረ ሙስና ኮሚሽን ማቅረብ ይቻላል። ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀንና ቦታ፣ የፈጻሚው የሥራ ኃላፊነት እና የጎደለው መጠን ቢገለጽ ምርመራውን ያፋጥናል።

በቀልን የሚሰጉ ዜጎች በአዋጅ ቁጥር 699/2003 የተደነገጉት መመዘኛዎች ሲሟሉ ማንነታቸው እንዳይገለጽ ማድረግን ጨምሮ የጠቋሚና የምስክር ጥበቃ ሊያገኙ ይችላሉ።